ዘይነባ አላስቀምጥ አለችኝ

ሰኞ፣ ጥር 25። ካይሮ። ማታ

እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ነው የምጽፈው። ዛሬ ደግሞ ሙዚየም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግሬ። ድንጋይ። ሣጥን። ድንጋይ። አፍንጫው የረገፈ ንጉሥ። ራሱ የቀበሮ የሆነ ሰውዬ። ትናንት ፒራሚድ፣ ከትናንት ወዲያ ምሽግ። ዘይነባ ትኬት ትቆርጣለች፣ እኔ እከተላለሁ። (ከዚህ በኋላ ዘ. ነው የምላት፤ እጄም ደክሟል።)

ከመካነ ሰላም ስነሣ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ናት። ለሥራ ካይሮ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት፤ ስትሄድ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ነይ ከድጃ፣ ናፍቀሽኛል፣ የአውሮፕላኑን እኔ እችላለሁ ስትለኝ አለቃዬን ለምኜ ፈቃድ ወጣሁ። አንድ አልጋ ላይ ተጋድመን እስኪበቃን እናወራለን ብዬ። ወሬ የለም። ሻዬን ሳልጨርስ፣ ጫማሽን አድርጊ።

የሚገርመው እሷም ከዚህ በፊት አንዱንም አላየችውም። የሰው ቤት ስታጸዳ የት ጊዜ አግኝታ። አሁን ግን አውቶብስ ሊያመልጣት እንደሆነ ሰው ትሮጣለች።

ዛሬ ያስደነገጠኝን ልጻፍ። ሬሳ። በመስታወት ውስጥ። ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ ደምና ሰገራ ሲያይ የሚውል ዓይን ነው ያለኝ፣ በቀላሉ አልደነግጥም። ሬሳ ግን እኔ የማውቀው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ በዚያው ቀን አፈር ሲለብስ ነው። ይሄኛው ፀጉር አለው። ጥፍር አለው። ልጆች ብስኩት እየበሉ ያዩታል። «ለምንድነው የማይቀብሩት?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። የዘ. ፊት ተለዋወጠ። ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። ውጭ ግድግዳ ተደግፋ ቆየች። ሬሳውን ፈርታ መስሎኝ አብሽሪ አልኳት።

ነገ ሉክሶር። የጥንት ቤተ መቅደስ አለ አለችኝ። ስንት? አልኳት። ብዙ፣ አለች። ያ ረቢ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። ባቡር ላይ

ቀኑን ሙሉ ባቡር። ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ መቀመጫ አለው። በመስኮት ሸንኮራ አገዳ፣ ቴምር፣ አህያ። አህያዋ ብቻ አገሬን መሰለችኝ።

ዛሬ ማምለጫ የላትም፣ ታወራኛለች ብዬ ነበር። ተኛች። አልተኛችም፤ የተኛች መሰለች። በአንድ መደብ ላይ ነው ያደግነው፣ እንቅልፏን አውቀዋለሁ። የዓይኗ ቆብ ይንቀጠቀጣል።

ዝም ብዬ አወራሁ። የመ/ሰላምን ብርድ፣ የገበያውን ነገር፣ የእማን ጉልበት። ከዚያ ስለ ኢብራሂም። ያን ጊዜ ዓይኗን ገለጠች።

አንቺ ደብተር ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልድገመው። ኢብራሂም የመጨረሻችን ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ። ከየመን ሁለት ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ በራሱ ድምፅ ደውሎ አያውቅም። ሳዑዲ ገብቷል፣ በረሃ ላይ በግ ይጠብቃል፣ ኔትዎርክ የለም፣ ከተማ ሲወጣ ለኔ ይደውላል ትላለች ዘ.። ለኢድ ለእማ ስጦታ ይመጣል፣ ኢብራሂም ነው የላከው ተብሎ በዘ. በኩል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔ እስር ቤት ይሆናል ብዬ እጠረጥር ነበር። ለእማ ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን እማ ልትድረው ነው። ከላላ ድረስ ሄዳ ልጅ አይታ መጣች። ሰዓዳ ትባላለች። ቆንጆ፣ ጨዋ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች። ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ ይታሰር፣ እሱ ባይኖርም በወኪል ይሆናል ብላለች። የልጅቷን ፎቶ ስልኬ ላይ ጭናልኛለች፤ ዘ. ለኢብራሂም ታሳየው፣ ሲደውል ቃሉን ታምጣልኝ ብላ።

ፎቶውን አሳየኋት። ብዙ አየችው። ታምራለች፣ አለች። ተነሥታ ሽንት ቤት ገባች። የቀጣዩ ጣቢያ ሰዎች ተሳፍረው ቦታ እስኪይዙ አልወጣችም። አቅለሽልሿት መሆን አለበት፣ ባቡሩ ይንጣል።

ረቡዕ፣ ጥር 27። ሉክሶር። ምሳ ሰዓት

ጥላ አገኘሁ፣ አምስት ደቂቃ ተሰጠኝ።

ካርናክ ይባላል። ዓምድ። የባሕር ዛፍ ጫካ የሚያህል ዓምድ፣ ሁሉም ድንጋይ፣ ሁሉም ላይ ወፍና ዓይንና እጅ ተቀርጾ። የመጀመሪያው ሲታይ ሱብሃነላህ ያሰኛል። አሥረኛው ላይ አንገት ያማል። ከዚያ በኋላ ግን ወላሂ ምንም አይታየኝም። አስጎብኚው በአረብኛ ይለፈልፋል። ዘ. መጀመሪያ ትተረጉምልኝ ነበር፤ አሁን ትታዋለች። አንዱ ንጉሥ ሠራው፣ ሌላው ንጉሥ ስሙን ፋቀበት። እሺ። ተረኛው ንጉሥ ደግሞ ወንበር ቢሠራ ምን ነበረበት።

ትናንት ማታ የሉክሶሩ። ዛሬ ይሄ። ነገ ከወንዙ ማዶ የመቃብሮቹ። ተረከዜ ተልጧል። አንድ የወደቀ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብል ዘበኛው ፊሽካ ነፋብኝ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ዘ. ድንጋዩን አታይም። እኔን ነው የምታየኝ። ዞር ስል ፊቷን ታዞራለች።

መጣች። ተነሽ ልትለኝ ነው። አልነሣም።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ኢብራሂም ሞቷል።

ጻፍኩት። እጄ ነው የጻፈው።

ረቡዕ፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልጻፍኩት የሆነ አይመስለኝም።

አልነሣም አልኳት። ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። እሷ ቆማ፣ እኔ ቁጭ ብዬ።

«ዘይኑ፣ ለምንድነው የማታስቀምጪኝ?»

«ከተቀመጥን ታወሪያለሽ።»

«ባወራስ?»

«ስለ ኢብራሂም ነው የምታወሪው።»

እስር ቤት ነው አይደል? አልኳት። ደስ እንዳላት ሰው ሆነች፣ ለአፍታ። እስር ቤት ቢሆን በወደደች። ከዚያ «ኢብራሂም የለም» አለች።

የት ሄደ? አልኳት። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት። የት ሄደ።

መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። ነፋ። ከዚያ ፊታችንን አይቶ ተወው።

አልጮህኩም። እስከ ዛሬ የሰው ለቅሶ ላይ ከማንም በላይ የምጮህ ሴት ነኝ። ድምፅ አልመጣም። አንድ ቡድን ቱሪስት ባንዲራ የያዘች ሴት ተከትሎ በመሃላችን አለፈ። አፉ በሉን የሚል ነገር አሉ በቋንቋቸው።

ሳዑዲ አልገባም። በጭራሽ። ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ በኋላ፣ እዚያው የመን። ተቅማጥና ትውከት። መጠለያ ውስጥ ብዙ ሰው ያዘው። ሁለት ቀን አልሞላም።

ተቅማጥ! አንቺ ደብተር፣ ተቅማጥ! እኔ በየቀኑ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ የማየው! በጨውና ስኳር ውሃ፣ በአንድ ግሉኮስ የሚመለስ። እኔ የሰው ልጅ ሰገራ ስመረምር ወንድሜ

አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ጠዋት የጉብኝቱ መኪና በር ላይ ቆመ። ነገሩ ተረስቶን ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን መቀመጥ አልቻልንም፣ ወጥተን ገባንበት። ማን ያምነኛል? ወንድሜ መሞቱን በሰማሁ ማግስት ቤተ መቅደስ ጎበኘሁ።

የአንዲት ንግሥት ነው። ተራራ ሥር፣ ደረጃው አያልቅም። ወጣሁት። አንዲት ፈረንጅ ስልኳን ሰጠችኝ፣ ከባሏ ጋር አንሺን ብላ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩላቸው። ፈገግ አሉ። ሳንክ ዩ አሉኝ። ኢብራሂም ሞቷል፤ እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እላለሁ።

ማን ቀበረው? ብዬ ጠየቅኳት። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሌ ነው። አብሮት የነበረ የወግዲ ልጅ። እሱና ሌሎች ሦስት ሰግደውበት፣ ከመንገድ ዳር ገባ አድርገው። አፈሩን ውሻ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ጫኑበት። ኢብራሂም የዘ.ን ቁጥር በቃሉ አስጠንቶት ነበር፣ ደወለላት።

ለምን አልነገርሽንም? እዚህ ላይ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

እማ ደሴ ሄዳ የእንቅርት ኦፕሬሽን ያደረገችበት ሰሞን ነበር። አስታወስኩ። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ። ቁስሏ ይሽር ብዬ ነው፣ አለች። ቁስሉ ሲሽር ረመዳን ገባ። ጾሟን ትጹም አለች። በኢድ ደወለች፤ እማ ገና ሀሎ ሳትል ልጄስ? ብላ ጠየቀቻት። ደህና ነው፣ ሳዑዲ ገባ፣ አለች ዘ.። እማ ሳቀች። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ» አለችኝ።

ስጦታዎቹ ሁሉ የሷ ናቸው።

አሁን ግን ኒካህ መጣ፤ እማ በስልክ ነግራታለች። የሞተ ሰው ሊዳር ነው። ለዚህ ነው የጠራችኝ። መርዶውን ይዤላት እንድሄድ። ካየሁሽ ቀን ጀምሮ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ አፌ እምቢ ሲለኝ ሌላ ትኬት እቆርጣለሁ አለች።

አብረን እንሂድ አልኳት። ራስሽ ደብቀሽ ራስሽ ንገሪ። የመኖሪያ ወረቀቷ ተቃጥሏል፤ ከወጣች አትመለስም። እኔን ወደ እሳት ትልኪያለሽ፣ አልኳት፣ አንቺ ለወረቀት ብለሽ ትቀሪያለሽ። ክፉ ቃልም ጨመርኩ፤ አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ጥር 29። ባቡር

አላናገርኳትም። ዛሬ እሷ ነቅታ እኔ ነኝ የተኛሁ የምመስለው።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ካይሮ አውሮፕላን ጣቢያ

ሻንጣዬን ጎተተችልኝ። እማን፣ ዘይነባ ናት የደበቀችው፣ እኔ አላውቅም ነበር በያት አለችኝ። አፉ በይኝ አለችኝ። እስከ መፈተሻው ድረስ ዞሬ አላየኋትም። መፈተሻው ላይ ጫማሽን አውልቂ ሲሉኝ ዞር አልኩ። እዚያው ነበረች። እጇን አላነሣችም። እኔም።

ሰኞ፣ የካቲት 2። ደሴ

ትናንት ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ መንገድ። ዛሬ መኪና የለም፣ ነገ በአቀስታ በኩል ይሄዳል ተባለ። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዣለሁ። እማ ሁለት ጊዜ ደወለች። ምን ይዘሽልኝ መጣሽ? ብላ ትስቃለች።

መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። እማ፣ ቁጭ በይ። እማ፣ አላህ የሰጠውን። እማ። ከዚህ አያልፍም።

ፈቃዴ እስኪያልቅ ሁለት ቀን አለኝ። ሥራ ስገባ ስለ ፒራሚዱ ይጠይቁኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። መ/ሰላም። ማታ

ምን እንዳደረግኩ አላምንም።

መናኸሪያ መጥታ ቆማለች። በዚያ ጉልበቷ፣ በብርዱ። አቀፈችኝ፣ ጠረኗ ያው ነው። ገና ሻንጣዬ ከመኪናው ጣሪያ ሳይወርድ፦

«አየው? ፎቶውን አየው?»

«አየው።»

«ወደዳት?»

«ወደዳት።»

ከኔ አፍ ነው የወጣው። ማንም አላስገደደኝም። ፊቷን እያየሁ ነበር፣ ፊቷ ሊበራ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እና ወደዳት አልኩ። እልል አለች። መናኸሪያው መሃል። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ሆኖ ምን ተገኘ እማማ? አላት። ልጄ ሊያገባ ነው፣ አለችው። አንድ ሁለት ሴቶች አብረዋት እልል አሉ።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ከሐሙስ ጀምሮ ዘ.ን ስረግማት ነበር። እሷ በስልክ ነው፣ ፊቷን ሳታይ። እኔ ዓይን ለዓይን። አንድ ቀን አልቆየሁም። ከመኪና ስወርድ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከሰዓት

ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም። እማ ግን ሱብሂ እንደሰገደች ከላላ ደውላለች። ልጁ ቃሉን ሰጠ ብላ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኒካሁ ይታሰር ተባብለዋል። ዓርብ! ከነገ ወዲያ! ወኪሉ አጎቴ አሊ ነው።

አጎቴ አሊ የእማ ታናሽ ነው፣ ከመስጊዱ ኋላ ነው ቤቱ። ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ ገብስ ያሰጣ ነበር። ነገርኩት። እዚያው ገብሱ ላይ ቁጭ አለ። ኢናሊላሂ፣ አለ። ደጋግሞ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። ኢብራሂምን ቁርአን ያስቀራው እሱ ነው።

ሲረጋጋ፣ ረመዳኑ ይለፍ አለኝ። ደርሷል፣ ምስኪን ጾሟን ትጹም። ከኢድ በኋላ ቀስ ብለን።

ይሄንን ቃል ከዘ. አፍ ሰምቼዋለሁ። ይሄ መቼም አያልቅም። ሁላችንም ለእማ እያዘንን፣ ሁላችንም እየዋሸናት፣ እሷ የልጅ ልጅ ስም ስታወጣ።

«አጎቴ፣ ዓርብ እርስዎ ነዎት ወኪሉ» አልኩት። «የሚጠይቁት እርስዎን ነው። ተቀብለሃል ወይ ሲሉዎት፣ ለማን ብለው ሊቀበሉ ነው?»

ቆብያውን አወለቀ። መልሶ አደረገ። ገብሱን በመዳፉ ሰበሰበ። የሰውን ሴት ልጅ ለሬሳ አናስርም፣ አለ በመጨረሻ።

ነገ ከሱብሂ በኋላ። ሽማግሌዎቹን ዛሬ ማታ መስጊድ ላይ ይነግራቸዋል፤ ከላላም ሰው ይልካል። ለኔ የሰጠኝ ሥራ ሁለት ነው። ጠዋት እማ ከቤት እንዳትወጣ። ዛሬ ማታ ደግሞ በደንብ እንድትበላ። ከነገ ጀምሮ እህል በአፏ አይዞርም አለ። አንቺም ብይ።

ረቡዕ፣ ማታ

ዶሮ አረድን። ምን ተገኘ አለች፣ መንገድ ጎድቶኛል እማ፣ አምሮኝ ነው አልኳት። ጎረስን፣ አጎረስኳት። ስለ ግብፅ አጫውቺኝ አለችኝ። ዓምዱን አወራኋት፣ ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ፤ አላየሁም ያልኩት ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ነበር ለካ። ወፉን፣ እጁን። ማን ሠራው? አለች። አንድ ንጉሥ ሠርቶት ሌላው ስሙን ፋቀበት አልኳት። ይሄን የመሰለ ሥራ! አለች። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ጉርሻ ሰጠኋት።

እማ ስትተኛ ዘ. ጋ ደወልኩ። ጓሮ ወጥቼ። እኔም ዋሸኋት አልኳት። መናኸሪያ ላይ፣ ገና ስወርድ። ሁለታችንም አለቀስን። ሉክሶር ላይ እምቢ ያለኝ ድምፅ አሁን መጣ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት።

ያን ቀን ምን አደረግሽ? አልኳት፣ የወግዲው ልጅ የደወለ ቀን። አሠሪዋ ቤት እንግዳ ነበር። ስልኩን ዘግታ ዕቃ አጠበች። ሻይ አቀረበች። ማንም አልጠየቃትም። እስከ ዛሬ ለኢብራሂም ማንም ሰው ፊት አላለቀሰችም።

አፉ ብዬሻለሁ አልኳት። ነገ ስልኩን ክፍት አድርጊልኝ አለችኝ፤ ለቅሶው ውስጥ ልግባ። እሺ አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ንጋት

እማ ሰግዳ ተነሣች። ገበያ ልትወርድ ነው፣ ለዓርቡ ቅመም ልትገዛ። ነጠላዋን ደብቄባታለሁ፤ ትፈልጋለች፣ ታጉረመርማለች። እኔ ጥግ ይዤ፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ እጽፋለሁ። ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው። ዘ. መስመር ላይ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

ውጭ ጉም ነው። የእግር ድምፅ። ብዙ እግር።

እማም ሰምታለች። በመስኮት አየች። አጎቴ አሊ ከፊት፣ ከኋላው ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶችም አሉ። ሁሉም ዝም ብለው።

ዞር ብላ ሳቀችልኝ። «የኒካሁን ነገር ሊጨርሱ ነው። እንዲህ በጠዋት! ከድጃ፣ ተነሽ፣ ምንጣፍ አንጥፊ እንጂ!»

ምንጣፉን አነጠፍኩ።

በሩን እየከፈተች ነው። አሰላሙ አለይኩም፣ ግቡ፣ ግቡ፣ ምነው ቆማችሁ ትላቸዋለች። ማንም አይገባም። አጎቴ ቆብያውን አወለቀ።